የድሮ የውሃ አውሮፕላን ሞዴል መገጣጠምና ማስረጀት፣ ከጣና ዳር ሆኖ

ፍሎትፕሌን ማለት በጎማ ፋንታ ከሆዱ ስር ታንኳ የመሰለ ተንሳፋፊ የተገጠመለት፣ ከውሃ ተነስቶ ውሃ ላይ እሚያርፍ አውሮፕላን ነው፣ ተንሳፋፊው ራሱ ፍሎት ይባላል። ፍላይንግ ቦት ከሚባለው ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል ግን ፍላይንግ ቦት ሆዱ ራሱ ጀልባ ነው፣ ውሃው ላይ በሆዱ ነው እሚቀመጠው፣ ፍሎትፕሌን ግን ወንዝ እንደሚሻገር ሰው እግሩን ብቻ ነው እሚያረጥበው። ይቺን ልዩነት ከመጀመሪያው ያዟት፣ ምክንያቱም ሞዴሉን ቀለም ቀብተን ስናስረጀው እድፉ የት ይቀመጣል የት አይቀመጥም እሚለው ነገር ሁሉ ከዚች ነው እሚወጣው። እዚህ የምጽፈው ስለ ፕላስቲክ ሞዴሉ ነው፣ በተለይ ከ50 እና ከ60 ዓመት በፊት ስለተመረቱት የድሮ ኪቶች፣ ኪት ማለት ክፍሎቹ ተለያይተው በሳጥን እሚመጡ፣ ገዢው ራሱ እሚገጣጥመው ነው፣ እኔ እምሰራው ባህር ዳር ነው፣ ለዚህ ስራ ጣናን ያህል ያስተማረኝ ነገር የለም።

ስለ እውነተኛዎቹ ትንሽ ልበል፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። በሞተር ሃይል ከውሃ ላይ የተነሳው የመጀመሪያው አውሮፕላን የፈረንሳዊው ኦንሪ ፋብር ነው፣ ማርች 28 ቀን 1910፣ ማርሴይ አካባቢ። ከዛ በ1913 የሽናይደር ዋንጫ የሚባል የውሃ አውሮፕላኖች ውድድር ተጀመረና እስከ 1931 ቆየ፣ ያኔ ረጅም የተደለደለ ማኮብኮቢያ እንደልብ ስላልነበረ ውሃው ራሱ የፈለከውን ያህል እምትንደረደርበት ሜዳ ነበር፣ ለዛም ነው የዘመኑ ፈጣን አውሮፕላኖች ፍሎት የነበራቸው። በ1934 ፍራንቼስኮ አጄሎ የሚባል ጣሊያናዊ ጋርዳ ሐይቅ ላይ በማኪ ኤም ሲ 72 በሰዓት 709 ኪሎሜትር በረረ፣ በፒስተን ሞተር ለሚሄድ የውሃ አውሮፕላን ይሄ ክብረወሰን እስከዛሬ አልተሰበረም። ወደኛ ቀረብ ያለው ታሪክ የፍላይንግ ቦቶቹ ነው፣ ከ1937 ጀምሮ የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ ከሳውዝሃምፕተን ተነስቶ እስከ ደርባን ድረስ በፍላይንግ ቦት መንገደኛና ፖስታ ያመላልስ ነበር፣ ካርቱምም ያርፉ ነበር፣ ማለትም የኛ የጣና ውሃ አባይ ሆኖ ወርዶ ነጭ አባይን እሚያገኝባት ከተማ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ወደ ኪቶቹ ስንመጣ፣ በ1/72 መጠን የፕላስቲክ አውሮፕላን ኪት በ1936 ያወጣው ፍሮግ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ነው፣ የኪቶቹ ስም ፔንግዊን ነበር። ከሁለተኛው የአለም ጦርነት በኋላ ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ ሲመጣ ኤርፊክስ፣ ሬቭል፣ ሞኖግራም፣ ከጃፓን ደግሞ ታሚያና ሃሴጋዋ ገበያውን ሞሉት። 1/72 ማለት 1 ኢንች 6 ጫማን ይወክላል ማለት ነው፣ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 2 ሳንቲሜትር ከምናምን ይሆናል። በ1/48 ያው ሰው 3 ሳንቲሜትር ተኩል ይመጣል። ይሄን ሂሳብ በኋላ እንፈልገዋለን።

ጎጃም ውስጥ ይሄ የተለመደ ስራ አይደለም፣ ኪቱም እሚመጣው ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። ግን እጁ እንግዳ አይደለም። እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ከሽቦ መኪና ሰርቷል፣ በቆርኪ ጎማ ገጥሟል፣ ከጭቃ በሬና ሞፈር ጋግሯል፣ እና ትልቁን ነገር አሳንሶ መስራት ምን እንደሚጠይቅ ያውቀዋል፣ አይን ነው እሚጠይቀው።

ለምሳሌ እምወስደው ሞኖግራም በ1960ዎቹ ያወጣውን የ1/48 ኪንግፊሸር ነው፣ እኔ በጣም እምወደው አውሮፕላን ስለሆነ። ኪንግፊሸር ቮውት የሚባለው ድርጅት የሰራው የአሜሪካ ባህር ሃይል ቃኚ ነው፣ መጀመሪያ የበረረው በ1938 ነው፣ 1,500 ገደማ ተሰርተዋል። መሃል ላይ አንድ ትልቅ ፍሎት፣ ክንፎቹ ጫፍ ላይ ደግሞ እንዳይገለበጥ እሚደግፉ ሁለት ትንንሽ ፍሎቶች አሉት። ከጦር መርከብ ላይ በካታፑልት፣ ማለትም በሃይል ገፍቶ በሚያስነሳ መሳሪያ፣ ይወነጨፋል፣ ሲመለስ መርከቡ አጠገብ ውሃ ላይ ያርፍና መርከቡ እሚጎትተው መረብ ላይ ይወጣል፣ ፍሎቱ ስር ያለው መንጠቆ መረቡን ይይዛል፣ ከዛ በክሬን ይነሳል። ፈጣንም ጠንካራም አልነበረም ግን ስንት ሰው አትርፏል፣ በኤፕሪል 1944 ትሩክ በሚባለው የፓሲፊክ ደሴት ዙሪያ አንድ ኪንግፊሸር ባህር ላይ የወደቁ አብራሪዎችን ክንፉ ላይ ሳይቀር ጭኖ፣ መብረር ስለማይችል ውሃው ላይ እየነዳ ሰርጓጅ መርከብ ጋ አድርሷቸዋል።

የድሮ ኪት ሳጥን ሲከፈት እሚጠብቃችሁ ነገር ከዘመኑ ኪት ይለያል። የመገጣጠሚያው ዳር ላይ ትርፍ ስስ ፕላስቲክ ይኖራል፣ ወፍራም ቦታዎች ላይ ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ የሰረጎደ ጉድጓድ ይኖራል፣ የላሜራው መገጣጠሚያ መስመርና ብሎኑ ሁሉ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ያበጠ ነው፣ ዲካሉ፣ ማለትም በውሃ እሚለጠፈው የምልክትና የቁጥር ወረቀት፣ ደግሞ ቢጫ ሆኖ ውሃ ሲነካው እሚሰባበር። መጀመሪያ ክፍሎቹን በሙሉ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ነው፣ ፕላስቲኩ ከተቀረጸበት ሞልድ የተረፈ ቅባት ካለ ቀለም አይዝም። የጠመመ ክንፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከር አርጎ ቀስ እያሉ ማቃናት ይቻላል፣ ውሃው መፍላት ግን የለበትም። ቢጫ የሆነ ዲካል መስኮት መስታወት ላይ ፀሐይ በሚመታበት በኩል በፕላስተር ተለጥፎ ሲሰነብት ይነጣል፣ ይሄን ለመስራት የባህር ዳር የጥርና የየካቲት ፀሐይ የመሰለ የለም፣ ከዛ እንዳይሰባበር ላዩ ላይ አንድ እጅ ቀጭን ክሊር ቨርኒሽ ማልበስ። የጭረት ብዛት ያደበዘዘው የካኖፒ፣ ማለትም የአብራሪው መቀመጫ ክዳን፣ መስታወት በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ሲታሽ ይጠራል።

መሳሪያው ቀላል ነው፣ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ ሞረድ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት። ሙጫው የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ ቢሆን ነው እሚመረጠው፣ እሱ ሁለቱን ጎን አቅልጦ ነው እሚያዋህደው፣ ሱፐር ግሉ ይይዛል ግን ፍሎቱን ከአውሮፕላኑ ጋር እሚያገናኘው ቀጭን እግር ላይ ትንሽ ሲነካ ጧ ብሎ ይለቃል። ክፍተት በስቱኮ ይሞላል፣ ከብርጭቆ ወረቀቱ በኋላ የጠፋውን መስመር መልሶ በመርፌ መጫር ያስፈልጋል፣ አሰልቺ ነው ግን መዝለል አይቻልም።

ትልቁ ፈተና ፍሎቱን ማቅናት ነው። ጎማ ያለው አውሮፕላን ትንሽ ቢዛነፍ አይን አያውቅበትም፣ ፍሎት ግን ረጅም ስለሆነ አንድ ሚሊሜትር ጥፋት ጫፉ ላይ ሄዳ ትጮሃለች። ሁለት ፍሎት ላለው ሞዴል ከካርቶን ልኩን ቆርጦ ማስደገፊያ መስራት፣ ሁለቱን ትይዩ አርጎ ማስቀመጥ፣ ከዛ እግሮቹን አስገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነኩት ማሳደር ነው። እኔ የእግሮቹን ጫፍ በስቼ ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ የመዳብ ሽቦ ነው እማስገባላቸው፣ የመጀመሪያ ስራዬ ያለ ሽቦ ነበርና ገና ቀለም ሳይቀባ እግሩ ተሰበረ። እግሮቹንና ክንፎቹን እሚወጥሩት ቀጫጭን ገመዶች ደግሞ ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት ከራሱ ከኪቱ ፍሬም ይወጣሉ፣ ቁራጩን ጧፍ ነበልባል ላይ እያሽከረከሩ ማሞቅ፣ ሲለሰልስ ከእሳቱ አውጥቶ መሳብ ነው፣ ፈጠን አርጎ የሳበ እንደ ፀጉር የቀጠነ ያገኛል።

ፍሎቱ ስር ወደ መሃሉ ግድም እንደ ደረጃ ቁርጥ ያለች ቦታ አለች፣ ስቴፕ ይሏታል፣ አደራ በሞረድ እንዳታጠፏት። ውሃ ለስላሳ ነገርን ይስባል፣ ፍሎቱ ለጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ውሃው አልለቅም ይለው ነበር፣ ያቺ ደረጃ ስር አየር ሲገባ ነው አውሮፕላኑ ከውሃው ተላቆ በላዩ ላይ እሚንሸራተተው። ጠዋት ጣና እንደ መስታወት ረግቶ ስታዩት ለማረፊያ ምቹ ይመስላል፣ ለውሃ አውሮፕላን አብራሪ ግን እሱ ነው አስቸጋሪው፣ ከፍታውን በአይን መገመት አይችልም፣ ለመነሳትም ትንሽ ሞገድ ያለው ውሃ ይሻለዋል።

ቀለም ላይ ወቅቱን ማየት ነው። በክረምት አየሩ ውሃ ስለተሸከመ ክሊር ቨርኒሹ እንደ ወተት ይነጣል፣ ሲደርቅም ይዘገያል፣ በበጋ ደግሞ አቧራው እርጥብ ቀለም ላይ ይጋገራል፣ ስለዚህ ዝናቡ እንዳቆመ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ህዳር ያለው ጊዜ ነው ምርጡ። ጋራዥ እሚጠቀሙበት ቲነርና አሴቶን ፖሊስታይሪኑን ያቀልጡታል፣ በጭራሽ አታስጠጉት፣ አኳራጅ ግን የውሃ ቀለም በደንብ ከደረቀና ቨርኒሽ ከለበሰ በኋላ በትንሹ ለማጠቢያ ይሆናል።

አሁን ማስረጀቱ ጋ ደረስን፣ ፈረንጆቹ ዌዘሪንግ እሚሉት። ብዙ ሰው እሚሳሳተው ዝገት ላይ ነው። ጣና ወደብ ላይ የቆመ የብረት ጀልባ አይቶ ያንን ቀይ ዝገት ፍሎቱ ላይ ያፈሰዋል፣ ነገር ግን የኪንግፊሸር ዘመን ፍሎት አልሙኒየም ነው፣ አልሙኒየም ደግሞ ቀይ አይዝግም፣ እሚበላው ነጭ ግራጫ ዱቄት እያወጣ ነው። ቀይ ዝገት እሚፈቀደው ብረት ያለበት ቦታ ብቻ ነው፣ መንጠቆው፣ አንዳንድ ብሎን፣ አውሮፕላኑን መሬት ላይ እሚያንቀሳቅሱበት ጋሪ።

ሁለተኛው ውሃው ያለው መስመር ነው። የጣና ጀልባዎችን ሄዳችሁ እዩ፣ ውሃው እሚደርስበት ልክ ላይ አንድ ቀለበት አለ፣ ከሱ በታች አረንጓዴ የሚያዳልጥ አልጌ፣ ከሱ በላይ የደረቀ የደለል ቡናማ፣ በተለይ ክረምት ላይ ግልገል አባይ አፈር ይዞ ሲገባ። ይሄ እንግዲህ ውሃ ላይ ታስሮ ለሚውል አውሮፕላን ነው እሚሰራው፣ ከመርከብ እሚወነጨፈው ግን ካታፑልቱ ላይ ነው እሚውለው እንጂ ውሃ ውስጥ ተነክሮ አያድርም፣ ስለዚህ አልጌ የለውም፣ ሆዱ ላይ ያለው የመረቡና የመንጠቆው ጭረት ነው። የባህር ጨው ደግሞ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ወደ ታች የወረደ መስመር ይተዋል፣ ጣና ጨው የሌለው ውሃ ስለሆነ ያንን እዚህ አታገኙትም፣ እሱን ከፎቶ መማር ግድ ነው። ነጭ የት/ቤት ጠመኔ ፈጭቶ በውሃ በጥብጦ በቀጭን ብሩሽ ከላይ ወደታች መሳብ፣ ሲደርቅ አብዛኛውን በእርጥብ ብሩሽ መጥረግ፣ የተረፈው ይበቃል።

ውሃ ሌላም ቦታ ይሄዳል። አውሮፕላኑ ሲንደረደር ፍሎቱ እሚረጨው ፍንጣቂ ፕሮፔለሩን ይመታዋል፣ የፕሮፔለሩን ጫፍ ቀለም የሚበላው እሱ ነው፣ የጅራቱን ስርም ያገኘዋል። ከሞተሩ ጀርባ ደግሞ ጭስና ዘይት አለ፣ ደቃቅ የከሰል ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ወደ ኋላ መጥረግ ከየትኛውም ቀለም ይበልጣል።

ከሁሉም በላይ ግን እኔ እምወደው የእግር ዱካውን ነው። የታንኳ ቀዛፊ ታንኳው ላይ እሚቆምበት ቦታ ሁሌም አንድ ነው፣ ታንኳው የተሰራበት ደንገል እዛጋ ተጋድሞ፣ ተላልጦ፣ ቀለሙ ተለውጦ ታየዋለህ። ፍሎትፕሌን ላይም እንደዛው ነው፣ ገመድ እሚያስረው ሰው ፍሎቱ ጀርባ ላይ ይቆማል፣ ነዳጅ እሚሞላው የክንፉ ስር ላይ ይወጣል፣ አብራሪው ያቺኑ አንድ ቦታ ረግጦ ነው እሚገባው። ቀለሙ እዛ ላይ ነው መላጥ ያለበት። በትንሽ ቁራጭ ስፖንጅ የብር ቀለም ነካ ነካ ማረግ፣ ዳርና ዳሩን በእርሳስ መንካት። ከዚህ ውጪ የተረጨ ልጥ ልጥ ምክንያት የለውም፣ ምክንያት የሌለው እድፍ ደግሞ ወዲያው ነው እሚታወቀው። ልኩም እንዲሁ፣ በ1/48 ሞዴል ላይ አንድ ሚሊሜትር የተላጠ ቀለም በእውነተኛው አውሮፕላን 5 ሳንቲሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ በ1/72 ደግሞ 7 ሳንቲሜትር ያልፋል፣ መዳፍ የሚያህል ማለት ነው። የክንፉ ላይኛው ክፍል በፀሐይ ይደበዝዛል፣ የአሜሪካኖቹ ሰማያዊ ግራጫ ፓሲፊክ ላይ ነጥቶ ነበር፣ ስለዚህ የመሰረቱን ቀለም ነጭ ጠብ አርጎ በጣም አቅጥኖ መሃል መሃሉን መደረብ። እርጥብ ቦታ ጠቆርና ብርቅርቅ ያለ ይሁን፣ የደረቀው ፈዛዛ።

ሞዴሉን ውሃ ላይ ማሳረፍ ለሚፈልግ ሰው የመጨረሻው ጥያቄ ምን ያህል ይስመጥ እሚለው ነው። ለሲቪል ፍሎትፕሌን የአሜሪካ ደንብ ፍሎቶቹ ከአውሮፕላኑ ሙሉ ክብደት 80 በመቶ ትርፍ እንዲሸከሙ ይጠይቃል፣ ሲሰላ ሙሉ ጭነት ይዞ እንኳ ከፍሎቱ ይዘት ከግማሽ ትንሽ በለጥ እሚለው ብቻ ነው ውሃ ውስጥ እሚገባው፣ ጭኖ ካልሞላ ደግሞ ከዛም ያነሰ። እኔ አሁን እየሰራሁ ያለሁት እንዲህ ነው፣ ሁለት ፍሎት ያለው ትንሽ ሲቪል አውሮፕላን ዘጌ ዳር ቆሞ፣ በሃሳብ የተፈጠረ ነው። ውሃው ክሊር ቨርኒሽ ስስ ስስ እየሆነ ተደራርቦ ነው፣ ታችኛው ቀለም ቡናማ ያዘለ አረንጓዴ። ደንገሉን ከሰንበሌጥ ጭራ ነው እምሰራው፣ እውነተኛው 4 ሜትር ስለሚደርስ በ1/48 ከ8 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ እየለካሁ፣ ከጎኑ ደግሞ የነገደ ወይጦ ሰዎች እሚሰሩት አይነት 5 ሜትር ታንኳ፣ 10 ሳንቲሜትር ከምናምን ሆኖ፣ ውሃ ጠጥቶ ስለከበደ እንዲደርቅ ዳር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ።