«ራሴን ላስተካክልና እመጣለሁ»

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን አንድ ወጣት ከቅጥሩ ውጪ ቆሞ አየሁ። የበሩን መቃን ተሳልሞ፣ አማትቦ ዞር ሊል ሲል ጠራሁት። ልጅ ሳለ አውቀዋለሁ፤ የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ለመቁረብ ይሰለፍ ነበር። «ለምን አትገባም ልጄ?» አልሁት። «አባቴ፣ አሁን እንዲህ ሆኜ አይሆንም። ራሴን ላስተካክልና እመጣለሁ፤ ይጸልዩልኝ» ብሎኝ ሄደ።

በክህነት ባገለገልሁባቸው 19 ዓመታት ይህን ቃል ከሹፌር፣ ከነጋዴ፣ ከኮሌጅ ተማሪ፣ የልጅ ልጅ ካዩ ሰዎችም ሰምቼዋለሁ። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። ሰውን ከእግዚአብሔር አርቆ በማስቀረት ግን ከስርቆትም ከዝሙትም በላይ ሲሠራ አይቻለሁ፤ የሰረቀ ሰው አንድ ቀን ይደነግጥና ይመለሳል፣ «ራሴን ላስተካክል» ያለ ሰው ግን በጎ ነገር እያደረገ ያለ ስለሚመስለው አይደነግጥም። ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሌሎቹን ስሕተቶች ቀድሜ ላንሣ። የኑዛዜ ምሥጢር አይወጣምና የምጠቅሰው ሁሉ በደጀ ሰላም፣ በልቅሶ ቤትና በመንገድ የሰማሁት ነው።

«የደረሰበት በኃጢአቱ ነው።» ይህን በልቅሶ ቤት፣ ልጁን የቀበረ አባት እየሰማ የሚናገሩ አሉ። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ያንኑ ጠይቀው ነበር፤ ጌታ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ብሎ መለሰላቸው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎችም ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቋል። ከዚህ በላይ ምን እንዲነገረን ነው የምንጠብቀው? ልቅሶ ስትደርሱ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በሉና ተቀመጡ።

«ሰው አልገደልሁ፣ አልሰረቅሁ።» በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለው ባለጠጋ ገደለ ወይም ሰረቀ አልተባለም። አልዓዛር በደጁ ተኝቶ ሳለ እሱ ዕለት ዕለት ይበላ ነበር፣ በቃ። መልካም ማድረግን ዐውቆ አለማድረግ ኃጢአት እንደ ሆነ ያዕቆብ በግልጽ ጽፎታል።

«ኃጢአት ሕግ መጣስ ነው፤ እግዚአብሔርም ይቆጣና ይርቀናል።» ሕግ መጣስነቱ እውነት ነው። መራቁን በተመለከተ ግን መጀመሪያ ቃሉን ራሱን እንየው። በግእዝ «ኀጥአ» ማለት አጣ ማለት ነው፤ በየቀኑ የምንናገረው «አጣ» የወጣውም ከዚያ ነው። ኃጥእ ማለት ያጣ ሰው ማለት ነው። በቆሎ ትምህርት ቤት ሳለን የኔታ «ኃጥእ ምን አጣ?» ብለው ይጠይቁን ነበር። አንዱ ገነትን ይላል፣ አንዱ ጸጋን፣ አንዱ ልጅነትን። ሁላችንንም ሰምተው ሲያበቁ «ፊቱን ነዋ!» ይሉን ነበር። ኢሳይያስን ይዘው ነው። ነቢዩ «በደላችሁ በእናንተና በአምላካችሁ መካከል ለይታለች» ካለ በኋላ ኃጢአታችሁ ፊቱን ሰወረባችሁ ይላል። በመካከል የቆመ ግድግዳ አለ። የገነባነው እኛ ነን።

መጀመሪያ የሸሸውም ማን እንደ ሆነ በዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ተጽፏል። አዳም ዕፀ በለስን ከበላ በኋላ እግዚአብሔር ገነትን ጥሎ አልሄደም። እንደ ልማዱ መጣ፣ «ወዴት ነህ?» ብሎም ጠራ። ከዛፎቹ መካከል የተሸሸገው አዳም ነው። ልጆች ሆነን ዕቃ ስንሰብር የእናታችንን ድምፅ መፍራት የምንጀምረው ያኔ ነው። ድምፅዋ ትላንት የነበረው ነው፤ የተለወጠው ጆሯችን ነው።

«ሰይጣን አሳሳተኝ።» ሰይጣን ይፈትናል፣ አልክድም። ግን ሰው ይህን ሲለኝ የሚነግረኝ ስለ መጨረሻዋ ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ዐሥር እርምጃዎች ይዘላቸዋል። ያዕቆብ እያንዳንዱ የሚፈተነው በራሱ ምኞት ተስቦና ተታሎ ነው ይላል፤ ምኞት ትፀንሳለች፣ ኃጢአትን ትወልዳለች፣ ኃጢአትም አድጋ ሞትን ትወልዳለች። እርግዝና እንግዲህ ጊዜ ይወስዳል።

ዳዊትን ተመልከቱት። ነገሥታት ለጦርነት በሚወጡበት ወራት እሱ ኢየሩሳሌም ቀረ። ወደ ማታ ከምንጣፉ ተነሥቶ በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ አንዲት ሴት ስትታጠብ አየ። ማየቱ ሳይበቃው ጠየቀ። የኦርዮ ሚስት ናት ተባለ፤ እዚያ ላይ ማቆም ይችል ነበር፣ ግን ልኮ አስመጣት። ቤርሳቤህ ስትፀንስ ባሏን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ወደ ቤቱ እንዲገባ አባበለው። እምቢ ሲለው አሰከረው። ያም አልሆን ሲል ለጦር አለቃው ለኢዮአብ የሞት ደብዳቤውን ጽፎ በራሱ በኦርዮ እጅ ላከው። ይህን ሁሉ ያደረገው በገናውን ይዞ እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ያደገው ሰው ነው። በአንድ ምሽት የሆነ ነገር የለውም።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ የሚቀጥለው ነው። ነቢዩ ናታን ሊገሥጸው የመጣው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ዳዊት ወራት ዝም ብሎ ኖሯል ማለት ነው። ያንን ሁሉ ወራት ንጉሥ ነበር፣ በዙፋኑ ተቀምጦ ይፈርድ ነበር። ናታን የድኻውን ሰው በግ ስለ ወሰደው ባለጠጋ ሲነግረውም ቁጣው ነደደ፣ ይህን ያደረገ ሞት ይገባዋል ብሎ ማለ። የሌላውን ሰው በግ አየ፤ የራሱን ኦርዮን አላየም። ከእግዚአብሔር መራቅ ምን እንደሚመስል የሚጠይቁኝን ወደዚህች ምዕራፍ ነው የምልካቸው። የራቀ ሰው ሁልጊዜ ጠጅ ቤት አይገኝም። አንዳንዴ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ የሌላውን ጥፋት በስሜት ሲዘረዝር ታገኙታላችሁ፤ ካህንም ሊሆን ይችላል።

«መባ ሰጥቼ እካካሳለሁ።» ብዙ ዓመት በዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እኅት ለጥምቀት የሚያምር ጥላ አመጣች። ዙሪያው በወርቅማ ዘርፍ የተከበበ፣ ቀይ ከፈይ ነበር። ያመጣችው ግን እስከ በሩ ድረስ ነው። «እናንተ አስገቡልኝ፣ እኔ አልገባም» ብላ ለአንዲት እናት ሰጠቻት። ጥላው ገባ፤ እሷ ከግንቡ ሥር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተቀመጠች። ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። እዚያ ሳለች መጾም አልቻለችም፣ ቅዳሴ አልሰማችም፣ ሌላም ነገር ነበረ፤ እግዚአብሔር የተዋት መስሏት ኖራለች። ጥላውን የገዛችው ሳታርፍ በሠራችበት ገንዘብ ነው። ስጦታዋ የተወደደ ነው፣ ታቦቱ እስከ ዛሬ ይከበርበታል። ግን እግዚአብሔር ጥላ አልጠፋበትም፣ የጠፋችበት እሷ ናት። በዚያው ሳምንት ተመልሳ መጣች፤ የቀረው የእሷና የእግዚአብሔር ነው።

አሁን ወደ ወጣቱ።

«ራሴን ላስተካክልና እመጣለሁ» ያለው የመጀመሪያው ሰው አዳም ነው። እንደ በላ ዕራቁቱን መሆኑን ዐወቀ፣ ወዲያው የበለስ ቅጠል ሰፍቶ አገለደመ። ራሱን ማስተካከሉ ነበር። የበለስ ቅጠል ግን ከተቆረጠ በኋላ ምን ያህል ይቆያል? በማግስቱ ይጠወልጋል፣ በሦስተኛው ቀን ይፈረፈራል፣ እንደገና መስፋት ነው። ደግሞ እስከሚሰፋ መሸሸግ ነው። እግዚአብሔር በመጨረሻ የቁርበት ልብስ አድርጎ ያለበሳቸው ራሱ ነው። አዳም ቅጠሉን ሰፍቶ እስኪጨርስ አልጠበቀውም።

የጠፋውን ልጅ ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን እንላለን፤ ግን ልጁ ሲመጣ ምን ይሸት እንደ ነበር አስበን እናውቃለን? ከእሪያ ጠባቂነት ተነሥቶ ነው የመጣው። በመንገድ ወንዝ ወርዶ ታጠበ አይልም ወንጌሉ። ገና ሩቅ ሳለ አባቱ አየው፣ ሮጠ፣ አንገቱን አቅፎ ሳመው። ከዚያ በኋላ ነው «ልብስ አምጡ» የተባለው። አባቱ ያቀፈው ሽታው ሳይለቀው ነው። ልጁ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የምትለዋን አባቱ ሳያስጨርሰው ጫማና ቀለበት አዘዘለት። ራስን ማስተካከል የሚባለው እቤት ከገቡ በኋላ፣ በአባት እጅ የሚሆን ነው።

ይሁዳም ጴጥሮስም በአንድ ሌሊት በደሉ። ይሁዳ ተጸጽቷል፣ ብሩንም መልሷል፤ ማቴዎስ ይህን ጽፎታል። ጥፋቱን «ለማስተካከል» ከጴጥሮስ የበለጠ የሞከረውም እሱ ነው ማለት ይቻላል። የሄደው ግን ወደ ካህናት አለቆች ነው፣ ከዚያም ወደ ገመዱ። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አለቀሰና ከወንድሞቹ ጋር ቆየ፤ ኋላም በባሕሩ ዳር ጌታን ሲያይ ከጀልባ ዘሎ ውኃው ውስጥ ገባ።

በአገራችን ይህ ስሕተት ሥር የሰደደው በቁርባን ጉዳይ ነው። ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን እናጠምቃለን፣ እናቆርባለን። ልጁ እስከ ሰባት ስምንት ዓመቱ ይቆርባል። ከዚያ ይጠፋል። «አሁንማ አደግሁ፣ ኃጢአት ዐወቅሁ» ይላል። የሚመለሰው በተክሊል ሲያገባ ነው፣ ያም ከሆነ፤ አለዚያ ፀጉሩ ሲሸብት። ፈተናው በሚበረታበት ዕድሜ፣ ከ15 እስከ 50 ባለው፣ ያለ መድኃኒት ይኖራል። ሐኪም የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች ናቸው ያለውን ጌታ «ስድን እመጣለሁ» ብለን እንደ መመለስ ነው።

አውቃለሁ፣ የሚያስፈራው ነገር አለ። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ እጁን ታጥቦ ውኃውን ወደ ሕዝቡ ሲያራግፍ፣ ሳይገባው የሚቀርብ እንዳይኖር ሲያስጠነቅቅ፣ ብዙዎች በዚያ ደቂቃ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ማስጠንቀቂያው እውነት ነው፤ ቂም ይዞ፣ ሳይናዘዝ፣ ሳይጾም ዘሎ መቅረብ አይገባም። ግን የተነገረው ሰው ንስሐ ገብቶ እንዲቀርብ ነው። ለ30 ዓመት ከኋላ ቆሞ እንዲቀር አይደለም።

ስለዚህ የምትፈሩ ሁሉ እንዲህ አድርጉ። የንስሐ አባት ከሌላችሁ አንድ ካህን ጠጋ ብላችሁ «አባቴ፣ መናዘዝ እፈልጋለሁ» በሉ። ሌላ መግቢያ አያስፈልግም። የረሳሁት ቢኖርስ ብላችሁ አትዘግዩ፤ ከፈለጋችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ኑና ኋላ ቅደዱት። የሚያሳፍራችሁን ወደ መጨረሻ አታቆዩት፣ በእሱ ጀምሩ፤ ብዙ ሰው ጾም መሻሩን ሲዘረዝር ቆይቶ ዋናውን ይዞ ሲመለስ አይቻለሁ። ካህኑ ይደነግጣል ብላችሁ አትስጉ፣ ያልሰማነው የለም። የሚሰጣችሁ ቀኖና ስግደት፣ ጾም ወይም ምጽዋት ሊሆን ይችላል፤ እንደ ሐኪም ትእዛዝ ውሰዱት፣ የፍርድ ቤት ቅጣት አታድርጉት። ካቃታችሁ «አቃተኝ» በሉ፣ ይቀየራል። የወሰዳችሁት የሰው ገንዘብ ካለ ግን መልሱ፤ እሱን ስግደት አይተካውም። አንደኛው ካህን ቢቆጣችሁ ወደ ሌላ ሂዱ። ይህን የምለው ስለሚያጋጥም ነው፣ እኔም ደክሞኝ የተቆጣሁባቸው ቀናት አሉ፣ ይቅር ይበሉኝ።

«ተናዝዤ ተመልሼ ወደቅሁ፤ ስለዚህ ንስሐዬ ውሸት ነበር» ለምትሉም አንድ ሰው ላስታውሳችሁ። ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም የሽፍቶች አለቃ ነበር፣ በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ መንኩሶ ታላቅ አባት ሆነ። ከመነኮሰ በኋላ የቀደመው ፈተና አስጨንቆት በበዓቱ፣ በመነኩሴ ማደሪያው፣ መቀመጥ አቅቶት ነበር። አባ ኤስድሮስ ወደ ሰገነት አወጣውና ወደ ምዕራብ አሳየው፤ አጋንንት ለጦርነት ሲንጋጉ አየ። ወደ ምሥራቅ አሳየው፤ ስፍር ቍጥር የሌላቸው መላእክት ቆመዋል። ከዚያ ወደ በዓቱ ተመለሰ። የመጣው ፈተናው ሳይለቀው ነው፣ የኖረውም እየታገለው ነው።

ለወጣቱ ትላንት ደወልሁለት። ስልኩን ከእናቱ ነው ያገኘሁት። «ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከግራር ዛፉ ሥር እኖራለሁ፣ እንዳለህ ና» አልሁት። «ጫት ቅሜ ብሆንስ?» አለኝ። «ቅመህም ቢሆን ና» አልሁት። ትንሽ ዝም ብሎ «በየትኛው በር ልግባ?» ብሎ ጠየቀኝ።