የድሮ ቤት የጣውላ ወለል ፍተሻ ምንድን ነው?

ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ገብቶ የሚያውቅ ሰው ጣውላው እግሩ ስር ሲጢጥ ሲል ሰምቷል፣ ብዙው ሰው ታዲያ እንዲህ አይነት ድምፅ ሲሰማ «ይሄ ወለል አልቆለታል» ይላል። ኧረ ጩኸት ብቻውን ምንም አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ምስማሩ ላልቶ ጣውላና ጣውላ ሲፋተግ ነው። ፍተሻ የሚባለው ከጣውላው ስር ተጋድመው ሸክሙን የያዙት ወራጆች ዛሬ ምን ያህል ጤነኛ እንደሆኑ ማጣራት ነው፣ ላዩ ሰም ተቀብቶ እያብለጨለጨ ስሩ የተበላ ቤት ስንት አለ።

ዋናው የሚታየው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው የወራጁ ጫፍ ነው። አሸንዳ ሲያፈስ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ውሃውን ይጠጣና ለወራጁ ያቀብለዋል፣ መሀሉ ደህና ሆኖ ጫፉ ይበሰብሳል። የእንጨት እርጥበት ከ20 ፐርሰንት በላይ ከቆየ ያሰጋል፣ መለኪያዋም ሁለት መርፌ ያላት ትንሽ እቃ ናት፤ እሷ ከሌለች በካቻቢቴ መጀመር ይቻላል። ከግድግዳው ጥግ ሁለት ሶስት ጣውላ አስነስቶ ጫፉን መውጋት ነው፣ ጤነኛ እንጨት እሺ አይልም፣ ብትፈለቅቁት እንኳ ረጅም ስንጥር ነው የሚነሳው፣ የበሰበሰው ግን ዝም ብሎ ያስገባና አጭር አጭር ሆኖ ይፈረፈራል። በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ምስጥ ጠርጥሩ፣ ውስጡን በልቶ ቆዳውን ነው የሚተወው። (የሀበሻ ጥድ ብዙም አይደፈርም፣ መድኃኒት ያልተቀባ ባህር ዛፍ ግን ምሳው ነው።)

መሀሉ የረገበ ወለል ሁሉ ሊወድቅ ነው ማለትም አይደለም፣ እንጨት ለብዙ ዘመን ሲሸከም ቀስ ብሎ ይጎብጣል። የሚያሳስበው በቅርብ የመጣው ነው፣ ባቲስኮፓው (ግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚመታው ቀጭን ጣውላ) ስር አዲስ ክፍተት፣ ወይ አቧራ ያልገባበት ውስጡ ነጣ ያለ ስንጥቅ።

ደግሞ ሸክሙ አለ። የመኖሪያ ቤት ወለል ዛሬ ሲሰራ በካሬ 200 ኪሎ ገደማ ይታሰባል፣ ባለ 500 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ግማሽ ቶን ሆኖ አንድ ካሬ በማይሞላ ቦታ ላይ ያርፋል! ቤቱን ቢሮ አድርገው ፋይል እስከ ኮርኒስ የሚደረድሩትም ያው ናቸው።

ጫፉ ብቻ ከተበላሸ ቆርጦ አዲስ እንጨት ከጎኑ በብሎን ማሰር ይቻላል። ሁሉንም አንስተን ኮንክሪት እንሙላ የሚል ኮንትራክተር ከመጣ ግን ያ የጭቃ ግድግዳ ክብደቱን ይችለዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁት።