አሮጌው የአዋሽ ባቡር ጣቢያ

አሮጌው የአዋሽ ጣቢያ በጅቡቲ–አዲስ አበባ የምድር ባቡር መስመር ላይ፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ይገኛል። ከተማዋን ያቆማት ባቡሩ ነው፤ ባቡሩን እዚያ ያቆመው ደግሞ ጨለማ ነበር። በእንፋሎት ዘመን የመንገደኛ ባቡር ሌሊት አይሄድም። የሦስት ቀኑ ጉዞ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድራል።

አፄ ምኒልክ የመስመሩን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረና በሌላ ተተካ። ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ማደሪያው አዋሽ የሆነው በዘፈቀደ አይደለም። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ባቡር ከዚህ በኋላ 1,300 ሜትር ያህል ሽቅብ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ውኃ መሙላት፣ አመዱን መጥረግ፣ እሳቱን በዝግታ ማቆየት ግድ ነው፤ የቀዘቀዘ ቦይለር (የሎኮሞቲቩ ውኃ ማፍያ ጋን) እንፋሎት እስኪያነሣ ሰዓታት ይፈጃልና። መስመሩም ነጠላ ነው። ፊት ለፊት የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት መተላለፊያ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ስለሆነ፣ ቀጣዩ ጣቢያ መንገዱ ነጻ መሆኑን ሳያረጋግጥ ባቡር አይለቀቅም። መንገደኛው በዚህ ሁሉ መሐል የጣቢያው ምግብ ቤትና ማደሪያ በሆነው ቡፌ ውስጥ ይበላል፣ ይተኛል። ጣቢያው ባቡሩን የሚያገለግለውን ያህል ከዝግታውም ይኖር ነበር ማለት ይቻላል።

ድልድዩ የመስመሩ ስስ ብልት ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ሲሸሹ የአዋሽን ድልድይ አፈረሱት። ከሁሉ የከፋው ግን ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አካባቢ የደረሰው አደጋ ነው፦ መንገደኛ የጫነ ባቡር ጥምዝ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ፉርጎዎቹ ገደል ወረዱ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው። መሠረቱ ጠባብ በመሆኑ፣ ባቡሩ በጥምዝ ላይ ሲፈጥን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ቶሎ ያጋድለዋል።

ናፍጣ ሎኮሞቲቭ በ1940ዎቹ ሲገባ የውኃውም የእሳቱም ሥራ ቀረ፤ ሌሊት መጓዝም ተቻለ። ቀጥሎ የአሰብ መንገድ ከዚሁ አካባቢ ተገንጥሎ ስለሚሄድ ጭነቱን የጭነት መኪና ወሰደው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት ተቋረጠ። ጥበቃ ያጣ መስመር ብዙም አይቆይም። ጎርፍ ጠጠሩን ያጥበዋል፤ ከሐዲዱ ሥር ያለው ርብራብ ከምስጥ እንዲድን ብረት ስለሆነ፣ ለአጥርና ለምሰሶ የሚፈልገው አይጠፋም።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ለአዋሽ ሌላ ጣቢያ አለው። የአሮጌው መስመር ፉርጎ እዚያ ቢወሰድም አይሄድም፤ አዲሱ ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአሮጌው 1,000 ነው።