በአየር የሚቀዘቅዙ የድሮ ስፖርት መኪኖች እድሳት

ራዲያተር የላቸውም፤ ውሃም አይሞላላቸውም። ሞተራቸውን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞር ፋንና የራሱ የሞተር ዘይት ነው። እነዚህን መኪኖች ማደስና እንደ ባለቤቱ ፍላጎት ማስዋብ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ካርማን ጊያ (1955–1974 እ.ኤ.አ.) ውብ ነው፤ ሞተሩ ግን የቮልስ ነው። ፖርሸ 356 ከ1948 እስከ 1965 ተመርቷል። የሙያው እምብርት ግን ፖርሸ 911 ነው።

911 በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ሲታይ ስሙ 901 ነበር። ፔዦ መሃላቸው ዜሮ የሆኑ ባለ ሦስት አሃዝ ስሞች የኔ ናቸው ስላለ ተቀየረ። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተር በ2.0 ሊትርና በ130 የፈረስ ጉልበት ጀምሮ፣ በአየር እየቀዘቀዘ እስከ 1998 ዘለቀ።

እድሳት የሚጀመረው ከላሜራው ነው። ከ1976 ሞዴል በፊት የተሠሩት አካላቸው ሙሉ በሙሉ ዚንክ የለበሰ ስላልነበር ዝገት ይወዳቸዋል። ከበሮቹ ሥር፣ የባትሪ ማስቀመጫው ጋ፣ ከፊት ነዳጅ ታንኩ አካባቢ ይበላቸዋል። ማግኔት ይዞ መዞር ነው። ጥብቅ ብሎ ከያዘ ደህና ነው፤ ሸርተት ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ከመቆረጡ በፊት የበሩ ክፍተት በብረት ይወጠራል። ይህን የዘለለ ሰው መኪናው መሃሉ ላይ ይጎብጥበታል፤ ከብየዳው በኋላ በሩ አይዘጋለትም።

ከሞተሮቹ ብዙ የሚያሠራው ከ1974 እስከ 1977 የወጣው 2.7 ሊትር ነው። የሞተሩ ቤት ማግኒዥየም ነው። ማግኒዥየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል። ስለዚህ ሲሊንደሩንና ቴስታታውን አንድ ላይ የሚያስሩት ረጃጅም ቡሎኖች ጥርሳቸውን ነቅለው ይወጣሉ። ለአሜሪካ የተሠሩት ላይ ጭሱን ለመቀነስ የተገጠመው ማቃጠያ ሙቀቱን አባብሶታል። መፍትሔው ቀዳዳውን አስፍቶ ጥርስ ያለው የብረት ቡሽ ማስገባት ነው። በደንብ ከተሠራ ግሩም ሞተር ነው፤ ስሙ ያለ አግባብ ጠፍቷል። በ1978 የመጣው 911 ኤስሲ የተባለው ሞዴል የሞተር ቤቱ አልሙኒየም ነው።

የቫልቭ ማስተካከል ግን በአየር ከሚቀዘቅዙት 911ዎች የመጨረሻው ከሆነው 993 በቀር የሁሉም ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መለኪያ በ12ቱም ቫልቮች ይገባል። ሲሳብ ቅቤ ውስጥ እንዳለ ቢላዋ ያዝ ማድረግ አለበት። ያን ስሜት እጅ እስኪለምደው ድረስ ጊዜ ይፈጃል።

ማስዋቡ ላይ ሰው አይስማማም። የባቫሪያው ሩፍ ኩባንያ በ1987 ያወጣው፣ ሲቲአር የተባለው ቢጫ መኪና ከ340 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሮጧል። በ2009 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ሲንገር የተባለ ኩባንያ 964 የሚባለውን የ911 ሞዴል ገፍፎ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ጃፓናዊው አኪራ ናካይ ፓራፋንጎውን በመጋዝ ቆርጦ ያሰፋል፤ አንዳንዶች ግፍ ነው፣ ሌሎች ጥበብ ነው ይላሉ። የ1973ቱ 911 ካሬራ አርኤስ ግን ለክርክር አይቀርብም። ለውድድር ፈቃድ 500 ቢበቃውም 1,580 ተሠራ። ኦሪጅናሉ መነካት የለበትም። ማስመሰያው ብዙ ስለሆነም የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ይመሳከራል።

ተገጣጥሞ ያለቀ ሞተር ወዲያው አይነሳም። መጀመሪያ ካንዴላዎቹ ይወጣሉ። ሞቶሪኖው ብቻውን ያዞረዋል፤ የዘይት ግፊት መለኪያው ቀስቱ ከፍ እስኪል ይጠበቃል። ከዚያ ካንዴላው ይመለሳል፣ ቁልፉም ይዞራል።