የኾድስኮ ሙዚየም

የኾድስኮ ሙዚየም የሚገኘው በምዕራብ ቼክ፣ ከጀርመኗ ባቫሪያ ድንበር አጠገብ ባለችው በዶማዥሊትሴ ከተማ ነው። የኾዶችን ታሪክ ይዟል። ኾዶች ገበሬዎች ነበሩ። ግን የማንም ባላባት ገባር አልነበሩም፤ ጌታቸው ንጉሡ ብቻ ነበር።

ነጻነቱ በነጻ አልመጣም። የ11 መንደር ሰዎች ድንበሩን ይጠብቁ ነበር። ጫካውን እየዞሩ ይቃኛሉ፣ ጠላት ሲመጣ ዛፍ ጥለው መንገድ ይዘጋሉ። በምላሹ መሣሪያ ይይዛሉ፣ በራሳቸው ችሎት ይዳኛሉ፣ በንጉሡ ደን ይጠቀማሉ። በሰነድ የሚታወቀው የመጀመሪያው የመብት ደብዳቤ በ1325 እ.ኤ.አ. ከቼክ (ቦሄሚያ) ንጉሥ ከሉክሰምበርጉ ዮሐንስ የተሰጣቸው ነው።

ለእኔ ትልቁ ቅርስ ቤቱ ራሱ ነው። ሙዚየሙ ያለው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የኾዶች ግንብ ውስጥ ነው። የንጉሡ ሹም መቀመጫው እዚያ ነበር። የኾዶች ችሎትም የሚሰየመው እዚያው ነበር። በ1592 እሳት በላው። ዛሬ የሚታየው ሕንጻ በአብዛኛው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ክቡ ማማ ግን ከድሮው የተረፈ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ቼኮች በ1620 በነጭ ተራራ ጦርነት በሀብስቡርጉ ንጉሠ ነገሥት ጦር ከተሸነፉ በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ኾዶችን ከነመንደሮቻቸው ለላሚንገር ቤተሰብ አስያዛቸው። በ1630 ደግሞ በ56,000 ጉልደን ጭራሽ ሸጣቸው። ኾዶች ጦር አላነሱም፤ ደብዳቤያቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። ሙግቱ ዓመታት ፈጀ። በ1668 መብታቸው ተሻረና «ዘላለማዊ ዝምታ» ተፈረደባቸው። ማለትም ዳግመኛ ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ እንዳይሉ! እነሱ ግን ዝም አላሉም። በ1690ዎቹ እንደገና ተነሡ፤ ከመሪዎቻቸው አንዱ ያን ስላድኪ ኮዚና በኅዳር 1695 በፕልዘን ከተማ ተሰቀለ።

አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ኮዚና ገመዱ አንገቱ ላይ ሳለ የዚያን ጊዜውን የመንደሮቹን ጌታ ላሚንገርን «ዓመት ከአንድ ቀን ሳይሞላ እግዚአብሔር ፊት እንቆማለን» ብሎታል። ላሚንገር በ1696 ሞተ። የአካባቢው ሰው ይህን ሲተርክ ደስ ይለዋል፤ መብቱ ግን አልተመለሰም።

የኾዶችን ልብስ፣ ሸክላና ሙዚቃ ለሚወድ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ የሙዚቃ ደራሲው ይንድርዢኽ ይንድርዢኽ (1876–1967) የሰበሰበው ስብስብ አለ። ስምና የአባት ስሙ አንድ ነው፣ የጽሑፍ ስህተት አይደለም። በነሐሴ ወር የሚሄድ ሰው የኾዶችን ዓመታዊ በዓል ይደርሳል፤ ያኔ አደባባዩ በከረጢት ዋሽንት ድምፅ ይሞላል።