ፕራይመር ምንድን ነው? አሮጌ ኮምፒውተር ስፕሬይ ለመቀባት ላሰባችሁ

መጀመሪያ የቀባሁት ኮሞዶር 64 ቀለሙ በቴፕ ተላጠ። እውነቴን ነው፣ በቴፕ። ከቀባሁት ሳምንት ሆኖታል፣ ጥቁር አንጸባራቂ ሆኖ አምሮብኛል፣ ፎቶውን ለጓደኞቼ ልኬያለሁ፣ የቀረኝ አርማው ዙሪያ የለጠፍኩትን የወረቀት ቴፕ ማንሳት ብቻ ነበር። ሳነሳው ቀለሙም አብሮ መጣ። እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ። ከሥሩ ያ የድሮው ፕላስቲክ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሏል።

ጥፋቴ አንድ ነው፤ ፕራይመር አልቀባሁም። «ቀለም ቀለም ነው፣ አንድ እጅ ብጨምርበት ይበቃዋል» ብዬ ዘለልኩት።

ኮሞዶር 64ን ለማታውቁት፦ እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ ወጥቶ እስከ 1994 ድረስ የተሸጠ የቤት ኮምፒውተር ነው። ኪቦርዱም ማሽኑም ያሉት አንድ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል፣ ስሙ ላይ ያለችው 64 ደግሞ የሚሞሪው ልክ ነች፣ 64 ኪሎባይት። ጀርመኖች በቅርጹ የተነሳ «የዳቦ ሳጥን» ይሉታል። ኩባንያው ብራውንሽቫይግ ከተማ ፋብሪካ ስለነበረው እዚህ ጀርመን ዛሬም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አይጠፋም። የኔንም ያገኘሁት ከዚያው ነው፣ ቢጫ ወጥቶትና ጠርዙ ተፋፍቆ።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ፕራይመር ብዙ ሰው እንደሚመስለው «የመጀመሪያው እጅ ቀለም» አይደለም። ቀለም ለዓይን ነው፤ ፕራይመር ለመያዝ ነው። በአንድ በኩል ፕላስቲኩን ጨብጦ በሌላ በኩል ቀለሙን ይይዛል፣ የማይዋደዱ ጎረቤቶችን እንደሚያቀራርብ ሽማግሌ። አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ ወይም ነጭ ነው፣ አያብረቀርቅም፣ ሲዳስሱት ሻከር ይላል። አያምርም። እንዲያምር አይደለም የተሠራው።

ፕላስቲክ ለምን ቀለም አልይዝ ይላል? እንጀራ ሲጋገር ያየ ሰው ይገባዋል። እንጀራው እንዳይጣበቅ ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰስ የለ? ፋብሪካም ተመሳሳይ ዘዴ አለው። ሳጥኑ የሚሠራው የቀለጠ ፕላስቲክ በኃይል ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ እየተገፋ ነው፤ ሲቀዘቅዝ በቀላሉ ተላቆ እንዲወጣ ቅርጽ ማውጫው ላይ ማላቀቂያ ሊረጭ ይችላል፣ ትርፉም ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል። የታሰሰ ምጣድ ላይ ቀለም እንደመቀባት ቁጠሩት። በዚያ ላይ የ40 ዓመት የጣት ቅባት፣ የሲጋራ ጭስ፣ የወጥ ቤት እንፋሎት አለ። ፕላስቲኩ ራሱም ድፍን ነው፤ እንደ እንጨት ቀለሙን ወደ ውስጥ አይመጥም፣ እንደ ጭቃ ግድግዳ የሚቆነጠጥበት ሻካራ የለውም።

ደግነቱ የእነዚህ ማሽኖች ሳጥን በአብዛኛው ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፣ ከሌሎች ፕላስቲኮች ጋር ሲወዳደር ለቀለም የማያስቸግር። ጀሪካንና የምሳ ዕቃ የሚሠራባቸው ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ናቸው ችግረኞቹ። ግን ኤቢኤስን አሴቶን ያሟሟዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይዛችሁ «ላጽዳው» ብትሉ ሳጥኑ ይቀልጥባችኋል። ሞቅ ያለ ውሃና የዕቃ ሳሙና፣ ከዚያ አይሶፕሮፒል አልኮል፤ በቃ።

ሱቅ ስትሄዱ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ፕራይመር ሁሉ አንድ አይደለም። እኛ አገር ጋራዥ የለመድነው አንቲረስት ለብረት ነው፣ ዝገት ለመከላከል። ፕላስቲክ አይዝግም። የምትፈልጉት ቆርቆሮው ላይ «ለፕላስቲክ» የሚለውን ነው። ከነሱም ውስጥ አንዱ ወፈር ያለና ጭረት የሚሞላ ነው፣ ሌላው ቀጭን፣ አንዳንዴም ውሃ የመሰለ፣ ሥራው ማጣበቅ ብቻ። የኮሞዶርን ሳጥን ብትዳስሱት ጥቃቅን እህል እህል የመሰለ ሻካራ አለው፣ ግማሽ ውበቱም እሱ ነው። ወፍራሙን ፕራይመር ደጋግማችሁ ከረጫችሁበት ያ ሁሉ ይደፈንና ማሽኑ የልጆች መጫወቻ ይመስላል። በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍጉም እንደዚያው ነው። ጭረት ያለበትን ቦታ ብቻ በ400 ወይም በ600 ቁጥር ነካ ነካ አድርጉት፣ የቀረውን በዕቃ ማጠቢያ ሻካራ ማሸት ይበቃል።

ከመቀባት በፊት መፍታት አለ። ሳጥኑን ገልብጡት፤ ሆዱ ላይ፣ በፊተኛው ጠርዝ በኩል ሦስት ብሎን አለ፣ ክዳኑ ወደ ኋላ ይከፈታል። በኃይል እንዳትስቡት፤ የኪቦርዱና የመብራቷ ሽቦ ከታችኛው ቦርድ ጋር ተያይዘዋል።

አረጫጨቱ ላይ ብዙ አልልም። ቆርቆሮውን፣ ውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ አራግፉት። ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ራቁ። መርጨት የምትጀምሩት ከሳጥኑ ውጭ፣ የምታቆሙትም ከሳጥኑ ውጭ ነው። የመጀመሪያው እጅ ፕላስቲኩን ባይሸፍነው ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ባይሸፍነው ይሻላል። ውጭ ወይም መስኮቱ የተከፈተ ቤት ውስጥ፣ ለቀለም ጭስ የሚሆን ማስክ አድርጋችሁ፤ ዝናብ ያረጠበው ቀን ሳይሆን።

የሚያስቸግረው መጠበቁ ነው። ቆርቆሮው ላይ ብዙ ጊዜ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ደርብ፣ ካልሆነ ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት በኋላ» የሚል ይጻፋል፣ ሰውም እንደ ማስታወቂያ ያልፈዋል። መሀል ላይ ከደረባችሁ አዲሱ ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሟቻ ግማሽ የደረቀውን ከሥር ያነሳውና ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ይጨማደዳል። ሁለተኛው ሳጥኔ እንዲህ ነው የተበላሸው። ሲነኩት አለመጣበቁ ደረቀ ማለት እንጂ ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ለመጠንከር ሳምንትም ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል።

ይዟል ወይስ አልያዘም የሚለውን ለማወቅ አንድ ሙከራ አለ። ሆዱ ላይ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በምላጭ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቃቅን መስመር ጭረቱ፣ ቴፕ ለጥፉበትና በፍጥነት ንቀሉት። ካሬዎቹ ከቆዩ ይዟል። ከቴፑ ጋር ከመጡ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ የኔ ቡድን ናችሁ።

ኪቦርዱስ? እዚህ ጋ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ኮሞዶር 64 ላይ 66 ቁልፎች አሉ፣ ተጎትተው ይወጣሉ፣ ከየሥራቸው ስፕሪንግ አለ (ወለል ላይ እንዳታፈሱት፣ እኔ አንዱን ምንጣፍ ውስጥ ፍለጋ አንድ ምሽት አጥፍቻለሁ)። ፕራይመርና ቀለም ብትደርቡባቸው ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ፊደሎቹ ይጠፋሉ፤ ላያቸው ላይ ካለው ሌላ ግንባራቸው ላይም የስዕል ምልክቶች አሉ፣ ያን ሁሉ በተለጣፊ መልሳችሁ ቬርኒሽ ልታደርጉበት ነው። ሁለተኛ፣ ጣት አለ። ሳጥን ይታያል፣ ቁልፍ ይመታል። ጥፍር፣ ላብ፣ ቅባት፤ ምንም ያህል ጥሩ ፕራይመር ብትረጩ መጀመሪያ የሚበላው ጠርዙ ነው። ከሥር ባለው ቀዳዳ ቀለም ከገባ ደግሞ ቁልፉ መልሶ አይገጥምም።

የግድ ቀለማቸው ይቀየር ካላችሁ ለመኪና ዳሽቦርድ የሚሸጠው የፕላስቲክና የቪኒል ማቅለሚያ ይሻላል። ማሟሟቻው የፕላስቲኩን ቆዳ ትንሽ አለስልሶ ቀለሙን እዚያው ስለሚያጣብቀው፣ እንደ ተራ ቀለም ወፍራም ንብርብር አይሆንም። ፊደሉን ግን እሱም ይሸፍነዋል። ቬርኒሽ ስትመርጡ ሁለት ክፍል ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ዓይነት አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት፤ ለሳንባ አደገኛ ነው፣ ተራ የአቧራ ማስክም አያድናችሁም። በረንዳ ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሳጥኑ ቢጫ ስለሆነ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትቀቡት። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ማንጣት ይቻላል፣ ባይወጣ እንኳ ቀለም ሁልጊዜ ይጠብቃችኋል። ቀለም የምቀባው የተሰነጠቀ፣ የተጠገነ፣ አንዱ ግማሹ ከሌላ ማሽን የመጣ ሳጥን ሲሆን ነው።

የኔ ሦስተኛው አሁን ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ቁልፎቹ እንደ ድሮው ቡናማ። ያን የመጀመሪያውን ክዳንም አልጣልኩትም። ቀለሙን በጥፍሬ ልጬ ጨረስኩት፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።