የታሪክ ልብስ መዝጊያ ምንድን ነው?

የካቲት 23 ሲቃረብ ፒያሳና አካባቢው ያሉ ልብስ ሰፊዎች ፋታ የላቸውም። ምኒልክ አደባባይ የአባት የእናቱን ልብስ ለብሶ መውጣት የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው፤ ደስ ይለኛል። ከትዕዛዙ ጋር ግን አንድ ምክር አብሮ ይዞራል። «ለመዝጊያው አትጨነቁ። ከጀርባ ዚፕ ግጠሙ፣ ከፊት አሮጌ የሚመስል ቁልፍ ስፉበት። የዚያ ዘመን መዝጊያ ሆነ ማለት ነው።»

አልሆነም። ያ ቁልፍ ጌጥ ነው። መዝጊያ ማለት ሰውነት ወደ ልብሱ የሚገባበት ክፍት ቦታ፣ ጨርቁ የሚደራረብበት ልክና የሚይዘው ነገር አንድ ላይ ናቸው። ክፍቱ የት ነው? የሚዘጋው ለባሹ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? ቁልፍ ወይም ማሰሪያ የሚመረጠው ይሄ ከታወቀ በኋላ ነው።

የቤት በር አስቡ። የልብሱ ቁልፍ እንደ በሩ መቀርቀሪያ ብቻ ነው። መቃኑ ደካማ ከሆነ የፈለገ ጠንካራ መቀርቀሪያ ብትመቱበት ተነቅሎ ይወጣል። በልብስ ላይ መቃኑ ከቁልፉ ስር ያለው ድርብ ጨርቅ ነው። በእጅ የተሸመነ ሸማ ላይ ይሄን የዘለለ ሰው ወዲያው ይቀጣል። ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ የቁልፍ ቀዳዳ ሲቀደድበት ክሩ ይተረተራል። ከስሩ ጠበቅ ያለ ጨርቅ ደርቡ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ በእጅ ዘምዝሙ። ወይም ጭራሽ ቀዳዳውን ተዉትና ጠርዙ ላይ የክር ቀለበት ሥሩ። ከፊት የውሸት ቁልፍ፣ ከጀርባ ዚፕ ማድረግ ደግሞ ግድግዳ ላይ በር ስሎ በጓሮ መስኮት እንደ መግባት ነው። የቤቱ ሰው በሩን መክፈት ሲፈልግ ግድግዳ ይነካል። ይሄን ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ የወጣ ተዋናይም ሙቀት በዝቶበት ደረቱን ከፈት ላድርግ ሲል እጁ የሚከፈት ነገር አያገኝም። ሁለተኛ ጊዜ አይሞክርም። አንድ የትወና እንቅስቃሴ እዚያው ሞተ።

«ተመልካቹ ከሩቅ ነው፤ ማን ያየዋል?» የሚለኝ ሰው አለ። ቁልፉን ላያይ ይችላል። የጨርቁን አወዳደቅ ግን ከመጨረሻው ወንበርም ያየዋል። የድሮ ቀሚስ በራስ በኩል ይጠለቃል፤ ወገቡን የሚይዘው መቀነት ነው። መቀነት እንግዲህ ሙሉ መዝጊያ ነው፤ ቀዳዳ የለው፣ ስፌት የለው። ሰፊውን ጨርቅ ሰብስቦ እጥፋት ያወጣለታል። ሴትየዋ ስትሠራ ታጠብቀዋለች፣ ስታርፍ ታላላዋለች። ከጀርባ ዚፕ ሲገባ ልብስ ሰፊው ወገቡን በልክ ለማጥበብ ይፈተናል። ያኔ እጥፋቱ ይጠፋል። ላዩ ላይ መቀነት ቢታሰርም የሚይዘው ትርፍ ጨርቅ የለም። ቀሚሱ የዘመናችን የሠርግ ልብስ ይመስላል። ለሠርግ ያምራል፤ የእቴጌ ጣይቱን ዘመን ግን አያሳይም።

ይሄን ስል «ዚፕ እኮ ከአድዋ በፊት ተፈልስፏል» የሚል መልስ ይመጣል። አሜሪካዊው ዊትኮም ጀድሰን እ.ኤ.አ. በ1893 የፈጠራ መብት ማግኘቱ እውነት ነው። አድዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. 1896 ነው። ግን የጀድሰን ሥራ ለጫማ የታሰበ የመንጠቆ ረድፍ ነበር፤ ሳይታሰብ እየተከፈተ ያስቸግር ነበር። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ዚፕ ጊዲዮን ሰንድባክ የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1913 ነው፤ መብቱን ያገኘው በ1917። በፋሽን ልብስ ላይ በደንብ የገባው በ1930ዎቹ ነው። አንድ ነገር መፈልሰፉ ብቻውን ሰው ለብሶታል አያሰኝም። ተጣባቂው መዝጊያ ቬልክሮማ ጭራሽ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ ነው።

በሌላ በኩል ዚፕን በጅምላ የሚያወግዝ ሰውም አይስማማኝም። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ሲከፈት የነበረችን የአዲስ አበባ ወይዘሮ የምታለብሱ ከሆነ፣ የአውሮፓ ፋሽን ቀሚሷ ላይ ዚፕ ልክ ነው። ጥርሱ ብረት ይሁን፣ በጎን ስፌት በኩል ይግባ።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ሰውነት የማያልፍበትን ቦታ ፈልጉ። ተፈሪ ሱሪ ባት ላይ ልክክ ይላል፤ ተረከዝ እንዲያልፍ እታች መከፈት አለበት። እጀ ጠባብም አንጓው ላይ እንደዚያው ነው። በርኖስ ግን ክፍት ነው፤ ችግሩ ክብደቱ ነው። ጨርቁ በሙሉ ወደ ኋላ እየጎተተ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። እዚያ ቬልክሮ የሚያደርጉ አሉ። ጎራዴ ሲመዘዝ ጠርር ብሎ ይላቀቃል፤ ድምፁም አዳራሹን ያዳርሳል። ጠንካራ መንጠቆ ወይም ማሰሪያ አድርጉ፤ ስፌቱም ጨርቁንና ገበሩን አብሮ ይያዝ።

ቁልፍ ከሆነ ምርጫችሁ፣ የመጀመሪያውን ጨርቁ በጣም የሚወጠርበት ቦታ ላይ አድርጉ። ብዙውን ጊዜ ደረት ላይ ነው። ሌሎቹን ከእሱ ተነስታችሁ አከፋፍሉ። ከአንገት ጀምሮ እኩል እየለኩ መውረድ ደረት ላይ አፉን የከፈተ ኮት ያወጣል። የቀዳዳው ርዝመት የቁልፉ ስፋትና ውፍረት ድምር ነው። ወጠር ባለ ልብስ ላይ ቀዳዳው በአግድም ይሁን፤ በቁመት ከሆነ ጨርቁ በተጎተተ ቁጥር ይከፈታል። ወፍራም ጨርቅ ላይ ደግሞ ቁልፉን አጣብቃችሁ አትስፉት፤ በክር ትንሽ አንገት አውጡለት። መንጠቆ የሚይዘው ሲወጠር ብቻ ነው። ሰፋ ያለ ልብስ ላይ ካደረጋችሁት ለመላቀቅ አንድ ጎንበስ ማለት ይበቃዋል።

ቴአትር ቤት ስለምሠራ አንድ ነገር ልጨምር። በሁለት ትዕይንት መሃል ልብስ የሚቀይር ተዋናይ ሃያ ቁልፍ ሲቆልፍ መድረኩ አይጠብቀውም። ስለዚህ ዚፕ እጠቀማለሁ። ግን የማስገባው ክፍቱ ድሮ በነበረበት ቦታ፣ በተደራረበው ጨርቅ ስር ነው። ከላይ ካሉት ቁልፎች ሁለቱን የሚከፈቱና የሚዘጉ አደርጋቸዋለሁ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ከተዋናዩ ጋር በልምምድ ጊዜ እንነጋገራለን። ነጭ ጥጥ ላይ ተራ የብረት መንጠቆ ግን አላደርግም። ላብና እጥበት ያዝገዋል፤ የዝገት እድፍ ከሸማ በቀላሉ አይለቅም። ነሐስ ይሻላል።